ፈረቃ ወይስ ማሸጋሸግ? የኤሌክትሪክ መጠቀሚያ ሰዓትን ስለ መለወጥ የሚነገሩ ቃላት

የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦትን የሚመለከቱ ማስታወቂያዎች፣ የጥናት ጽሑፎችና የውል ሰነዶች ከቀድሞው ይልቅ በብዛት በአማርኛ በመውጣት ላይ ናቸው። ከሚያነሧቸው ጉዳዮች መካከል ተርጓሚን አብዝቶ የሚያስቸግር አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም ቤተሰቦች፣ ሱቆችና ፋብሪካዎች የሚጠቀሙትን ኤሌክትሪክ ሳይቀንሱ የሚጠቀሙበትን ሰዓት ብቻ እንዲለውጡ፣ በዚህም በአንድ ጊዜ የሚመነጨውና በዚያው ጊዜ የሚፈጀው ኃይል እንዲመጣጠን የማድረግ ሐሳብ ነው። በአማርኛ ይህ ነገር አንድ ጊዜ «ፈረቃ»፣ ሌላ ጊዜ «ቁጠባ»፣ አንዳንዴም «የፍላጎት ጎን አስተዳደር» ሲባል እናገኘዋለን። ሦስቱ ስሞች አንድ ነገር አያመለክቱም፤ ሦስተኛው እንዲያውም አማርኛ መሆኑ ያጠራጥራል።

ጉዳዩን ከመሬት ላይ ለማየት ኮተቤን እንውሰድ። ኮተቤ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ወደ ደብረ ብርሃን በሚያወጣው አውራ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሰፈር ነው። የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ አለበት፤ ከማከፋፈያ ጣቢያው የሚወጡት መስመሮች በየመንደሩ በምሰሶ ላይ ወደ ተሰቀሉ ትራንስፎርመሮች ይደርሳሉ። በመንገዱ ዳር ብየዳ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤትና ፀጉር ቤት ተደርድሮ ይታያል፤ ከጀርባ ደግሞ መኖሪያ ቤቶች አሉ፤ በብዙዎቹም ለቤትም ለገበያም እንጀራ ይጋገራል። ብየዳውም፣ ወፍጮውም፣ ምጣዱም ብዙ ጊዜ የሚመገቡት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሥራ ላይ ሲሆን ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። በአንድ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሥር ያሉ 100 ቤቶች በዓል ዋዜማ ምሽት ላይ ምጣዳቸውን በአንድነት ቢያበሩ 350 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ አምፖሉ፣ ምድጃውና ማቀዝቀዣው ገና ሳይቆጠር ትራንስፎርመሩ ከዐቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው መብራቱ የሚፈዘው፣ ምጣዱም «አልግል» የሚለው፤ ሲብስም ሰፈሩ በሙሉ የሚጨልመው። ከመቶዎቹ ኀምሳው ጠዋት፣ ኀምሳው ማታ ቢጋግሩ ግን ከፍተኛው ጭነት በምጣድ ረገድ 175 ኪሎ ዋት ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰዓት ቢጋግር ቆጣሪው የሚቆጥረው በሁለቱም መንገድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የተጋገረው እንጀራ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ቃላት ሁሉ የሚመዘኑት ይህን ልዩነት ለአንባቢው በማሳየታቸው ወይም በመደበቃቸው ነው።

በመጀመሪያ «ቋት» የሚለውን ቃል እንመልከት። የአገሪቱ የኃይል ማመንጫዎች፣ ማስተላለፊያ መስመሮችና ማከፋፈያ ጣቢያዎች የተሳሰሩበት ሥርዓት በዜናውም በመሥሪያ ቤቱም ቋንቋ «ብሔራዊ የኃይል ቋት» ይባላል፤ ዐዲስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምርም «ወደ ቋቱ ገባ» ይባላል። ቃሉ ጥሩ አማርኛ ነው። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የወፍጮውን ቋት ያውቀዋል፤ «የመረጃ ቋት» የሚለውም ስያሜ ተለምዷል። ነገር ግን ቋት መያዣ ነው፤ የገባበት ነገር እስኪወጣ ድረስ በውስጡ ይቆያል። የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ምንም አያቆይም። በሽቦው ውስጥ የሚተላለፈው ኃይል በተመረተበት ቅጽበት መፈጀት አለበት። ፍጆታ ከምርት ሲበልጥ ማመንጫዎቹ ይከብዳቸውና የሽክርክሪታቸው ፍጥነት ይወርዳል፤ ሲያንስም ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በአገራችን በሰከንድ 50 ዑደት ሆኖ መጠበቅ ያለበት ምትም ይዛነፋል። ስለዚህ «ቋት» የሚለውን የሰማ ሰው፣ «እኔ ዛሬ ማታ ካልተጠቀምሁ የእኔ ድርሻ ለነገ ይቀመጣል» ብሎ ቢያስብ ቃሉ አሳስቶታል እንጂ እርሱ አልተሳሳተም። እኛ «የኃይል መረብ» የሚለውን እንመርጣለን፤ መረብ ያስተሳስራል፣ አንዱ ጫፍ ሲሳብም ሌላው ይሰማዋል፤ በውስጡ የሚጠራቀም ነገር ግን የለም። «ቋት» የሚለው በእውነት የሚስማማው ከግድብ በስተ ኋላ ለሚጠራቀመው ውኃ ነው። በኢትዮጵያ የሚከማቸው ኃይል በአብዛኛው ያ ውኃ ነውና፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ኋላ የምናየውን ትልቅ መደናገር ያመጣል።

«ጭነት» የሚለው ቃል ግን ብዙ ክርክር አያስፈልገውም። የመስመር ሠራተኞች «ሎድ» ቢሉም «ጭነት» ሲባል ሁሉም ይረዳል። አማርኛ በጭነትና በሸክም መካከል የሚያደርገውን ልዩነት እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ሸክም ሰው የሚሸከመው ነው፤ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የሚይዙት ሸክም ነው። ጭነት ግን በአህያ፣ በበቅሎ ወይም በመኪና ላይ ሌላው የሚጭነው ነው። በኃይል መረብ ላይ የሚጭነው ተጠቃሚው፣ የሚጫነውም መስመሩና ማመንጫው ነውና «ጭነት» ትክክለኛው ቃል ነው። ከእርሱም «መጫን»፣ «ማራገፍ»፣ «ማቃለል» የሚሉት ሁሉ ያለ ድካም ይወጣሉ። ኃይል አቅራቢው አደጋ እንዳይመጣ ብሎ አንዳንድ መስመሮችን ሆን ብሎ ሲያቋርጥ «ጭነት ማራገፍ» ማለት ይቻላል፤ አህያዋ ስትወድቅ ባለቤቷ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጭነቱ በቀኑ ውስጥ የሚደርስበትን ከፍተኛ መጠን ስለ መሰየም አንዳንዶች «ጫፍ»፣ ሌሎች «ጣሪያ» ይላሉ፤ ባለሙያዎች በውይይታቸው «ፒክ» ማለትን ይመርጣሉ። «ጫፍ» ወደ ላይም ወደ ጎንም፣ መጀመሪያም መጨረሻም ሊሆን ይችላል፤ «የጭነት ጫፍ» ሲባል ጭነቱ የሚያበቃበት ሊመስል ይችላል። «ጣሪያ» ደግሞ በ«ዋጋ ጣሪያ» አማካይነት የወሰን ትርጉም ይዟል፤ «የጭነት ጣሪያ» የሚለውን ያነበበ ሰው ትራንስፎርመሩ ሊሸከም የሚችለው መጠን ነው ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ችግር የሚፈጠረውም የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሲያልፍ ነው። የቀኑን ጭነት በወረቀት ላይ ስናሰፍረው የሚወጣው መስመር ኮረብታ ይመስላልና «አናት» እና «ግርጌ» የሚሉትን ጥንድ ቃላት እናቀርባለን። «የጭነት አናት» ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ያለው፣ «የጭነት ግርጌ» ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። «ጣሪያ» ለዐቅም ወሰን ይቀመጥ። ለሕዝብ በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ ግን «አናት» እንኳ አያስፈልግም፤ «ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሰዓት» ቢባል ማንም ይረዳዋል። ፈረንሳዮች በሌሊት ቅናሽ የሚደረግባቸውን ሰዓታት «ጎድጓዳ»፣ የቀሩትን «ሙሉ» ብለው በቤት ቃል ጠርተዋቸዋል፤ እንግሊዞችም በ1978 እ.ኤ.አ. የሌሊት ታሪፋቸውን በሰባቱ ሰዓታት ቍጥር ሰይመውታል። ሁለቱም ከመሐንዲሱ መጽሐፍ ቃል አልተበደሩም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን። የመጠቀሚያ ሰዓት መለወጥን «ፈረቃ» ማለት ይገባልን? «ፈረቃ» ከ«ፈረቀ» እና ከ«ተፈራረቀ» ጋር የሚዛመድ ሕያው ቃል ነው፤ ክረምትና በጋ ይፈራረቃሉ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ይሠራል፣ ተማሪም በፈረቃ ይማራል። ከኤሌክትሪክ ጋር ግን ቃሉ የራሱ ታሪክ አለው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት ያህል ጕድለት እንደ ተፈጠረ ተነገረ፤ ኃይልም ለመኖሪያ ቤቶችና ለድርጅቶች በፈረቃ እንዲታደል ተደረገ። ቤቶች ቀኑ ተከፋፍሎላቸው ተራቸው እስኪደርስ ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ «የመብራት ፈረቃ» ማለት በብዙ ሰው ጆሮ መብራት የሚጠፋበት ተራ ማለት ሆኗል። የሚያበራውም የሚያጠፋውም አቅራቢው ነው፤ ተጠቃሚው የሚጠየቀው መጠበቅን ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ለኮተቤ ነዋሪ፣ «ኤሌክትሪክን በፈረቃ ይጠቀሙ» ብሎ ቢመክረው፣ ነዋሪው የሚሰማው ምክር ሳይሆን የመቋረጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ሲሰማ ደግሞ የሚያደርገው ከተፈለገው ተቃራኒውን ነው፤ መብራቱ ሳይጠፋ ልጋግር፣ ውኃውን ላፍላ፣ ልብሱን ልተኵስ ብሎ ይሽቀዳደማል፤ የጭነቱም አናት በዚያው ይነሣል። አንድ ቃል ባለ ቦታው ቢገባ እንዲህ ያለ ዋጋ ያስከፍላል።

እኛ «ማሸጋሸግ» የሚለውን እናቀርባለን። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ዐዲስ እንግዳ ሲመጣ ይሸጋሸጋሉ፤ ማንም ከወንበሩ አይነሣም፣ ሁሉም ግን ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። የስብሰባ ቀን ይሸጋሸጋል፣ የበጀት ርእስ ይሸጋሸጋል፤ የተሸጋሸገ ነገር አይቀነስም፣ ቦታው ወይም ጊዜው ብቻ ይለወጣል። «ጭነትን ማሸጋሸግ» ሲባል እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ሐሳብ ሳይጎድል ይገባል፤ ድርጊቱም በተጠቃሚው ፈቃድ የሚፈጸም መሆኑ በቃሉ ውስጥ አለ። ከዚሁ «ተሸጋሻጊ ጭነት» የሚለውን ማውጣት ይቻላል። እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብና መተኰስ፣ ውኃ በፓምፕ ወደ ጋን መሳብ፣ እህል መፍጨት ተሸጋሻጊ ናቸው፤ የማታ መብራትና የሐኪም ቤት መሣሪያ ግን አይሸጋሸጉም። እንጀራውም ቢሆን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው የሚሸጋሸገው። አብሲት የተጣለበት ሊጥ ኩፍ ካለ በኋላ ለማንም ማስታወቂያ አይጠብቅም፤ ቢቆይ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የመጋገሪያውን ሰዓት ማሸጋሸግ የሚጀምረው ሊጡ ከሚቦካበት ሰዓት እንደ ሆነ ምክሩን የሚጽፈው ሰው ሊያውቅ ይገባዋል።

አንዳንድ ተርጓሚዎች «ጭነት ማዛወር» የሚለውን ይወዱታል። ይህን የማንቀበለው ቃሉ መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለሌላ ነገር ስለሚፈለግ ነው። የመስመር ባለሙያ አንድ ሰፈር ከተጨናነቀ መስመር ወጥቶ ከሌላ መስመር እንዲመገብ ሲያደርግ ጭነቱን አዛወረው ይባላል። ያኛው በቦታ፣ ይኼኛው በጊዜ ነው። ለሁለቱ ሁለት ቃል እያለን አንዱን ለሁለቱም ማድረግ ብክነት ነው።

«ቁጠባ» የሚለው ስሕተት ከሁሉ የበለጠ የተስፋፋ ነው። በአገራችን የቁጠባ ትምህርት የራሱ ሥፍራ አለው፤ በ2001 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በብዛት የታደሉት ቆጣቢ አምፖሎች በእርግጥ ቆጣቢ ናቸው፤ 60 ዋት የሚወስደውን አምፖል 11 ዋት ገደማ በሚወስድ ሲተኩት ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ፍጆታው ይቀንሳል። ማሸጋሸግ ግን በራሱ አንዲት ዋት ሰዓት አይቆጥብም። ችግሩ የሚጀምረው «ኃይል» ከሚለው ቃል ነው። በአማርኛ «ኃይል» በአንድ ቅጽበት የሚወሰደውንም (በኪሎ ዋት የሚለካውን)፣ በጊዜ ብዛት የሚጠራቀመውንም (በኪሎ ዋት ሰዓት የሚለካውን) ያመለክታል። በመንገድ ላይ ቋንቋም «ቆጣሪው ስንት ኪሎ ዋት ቆጠረ?» ይባላል፤ «ሰዓት» የሚለው ተውጦ ቀርቷል። ተርጓሚው ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት ስም ካልያዘ ማሸጋሸግን ከቁጠባ ሊለይ አይችልም። ለጊዜው «ኃይል»ን ለመጀመሪያው፣ «የኃይል ፍጆታ»ን ለሁለተኛው በጥብቅ መለየት ይበቃል ብለን እናምናለን፤ ዐዲስ ቃል ከግእዝ መቅረጽ አያስፈልግም።

ይህ የቃላት ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ የሰው ገንዘብም አለበት። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በተሻሻለው ታሪፍ መሠረት የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ዋጋው የሚያድገው በወሩ ፍጆታ መጠን እንጂ በተጠቀሙበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ምጣዷን ከምሽት ወደ ጠዋት ያሸጋሸገች እናት በካርድ ቆጣሪዋ ላይ አንዲት ሳንቲም አይቀርላትም። «ሰዓት በመለወጥ ገንዘብዎን ይቆጥቡ» የሚል ትርጕም ከውጭ አገር ጽሑፍ ተቀድቶ ሲወጣ፣ በዚያ አገር እውነት የነበረው በእኛ አገር ሐሰት ይሆናል፤ ሴትዮዋም ወሩ ሲያልቅ ታውቀዋለች። የምታገኘው ጥቅም ሌላ ነው፤ ምጣዱ በወጉ ይግላል፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አይቃጠልም። እርሱ በስሙ ቢነገር ይሻላል። ለኢንዱስትሪ ግን በሰዓት የሚለያይ ዋጋ በአገራችን ታይቷል። ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት ሲሠራበት በነበረው ታሪፍ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀም ፋብሪካ ጭነት በሚበዛበት ሰዓት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.7426 ብር፣ በሌላው ሰዓት 0.5435 ብር የሚከፍልበት ሥርዓት ነበረ። ልዩነቱ ወደ 20 ሳንቲም ይጠጋል። እንዲህ ያለውን የዋጋ ልዩነት «ቅጣት» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው፤ «ማበረታቻ» ተለምዷል፣ «ማትጊያ» ግን ይበልጥ ይገልጸዋል፤ ሰውን ወደ ሥራው እንዲተጋ የሚያደርግ ነውና።

«የፍላጎት ጎን አስተዳደር» ስለሚለው አጭር ቃል እንበል። «ፍላጎት» በኢኮኖሚክስ ጽሑፍ ከ«አቅርቦት» ጋር ተጣምሮ ሥር ሰድዷል፤ አንነቅለውም። «ጎን» ግን በዚህ ቦታ ምንም አይሠራም፤ ከባዕድ ቋንቋ ሰዋስው የተረፈ ቅርፊት ነው። «የአጠቃቀም አመራር» ቢባል ነገሩ ይሟላል። ተጠቃሚው በአቅራቢው ጥሪ መሠረት ጭነቱን ለጊዜው ሲያቃልል ደግሞ «የፍላጎት ምላሽ» ይሉታል፤ አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያይ ፍላጎቱ መልስ ያገኘ ይመስለዋል፤ ትርጕሙ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፍላጎቱ ነው መልስ የሚሰጠው። «ለጥሪ ጭነት ማቃለል» ብንል ማን እንደሚጠራና ማን እንደሚያቃልል ይታወቃል። ነገሩ በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በዐበይት በዓላት ዋዜማ ኃይል በብዛት የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ጭነታቸውን እንዲቀንሱ መጠየቃቸው የተለመደ ነው።

የሰዓት አቈጣጠር ለተርጓሚው ሌላ ወጥመድ ነው። ጭነት የሚበዛበት ሰዓት በባዕድ ሰነድ ከ18 እስከ 22 ተብሎ ሲጻፍ፣ አንዳንዱ ተርጓሚ ቍጥሩን እንዳለ ይተወዋል፤ በአማርኛ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ነው። የአገራችን አቈጣጠር ለዚህ ጉዳይ የተመቸ መሆኑን ልብ ይሏል። በአዲስ አበባ ጀንበር የምትጠልቅበት ሰዓት በዓመቱ ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ስለ ሆነ «ምሽት 12 ሰዓት» ከጨለማ መምጣት፣ ከመብራት መብራትና ከእራት ዝግጅት ጋር ዘወትር ይገጥማል። በሰሜን አገሮች ክረምትና በጋ እየጠበቁ ሰዓቱን መቀያየር ግድ ነው።

የሚከብደው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የትኛውን ሌሊት ይያዝ? በባዕድ አቈጣጠር ቀኑ በእኩለ ሌሊት ስለሚለወጥ ሰኞ አልፎ ማክሰኞ የሚነጋበት ሌሊት ነው፤ በእኛ ልማድ ግን ብዙ ሰው የማክሰኞ ማታ ቀጣይ የሆነውን ሌሊት ይወስዳል። አንድ ሙሉ ቀን ይሳሳታል ማለት ነው። ለዚህ አማርኛ «አጥቢያ» የሚል የጠራ ቃል አለው። «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲባል ማክሰኞ ሊነጋ ያለው ሌሊት መሆኑን ማንም አይስተውም። የዕለት ጋዜጠኛ ይህን ቃል ለአደጋ ዜና ሲጠቀምበት ይታያል፤ በኃይል ማቋረጥ ማስታወቂያና በታሪፍ ሰነድ ውስጥም ሊገባ ይገባዋል።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እንግዲህ ስለ ማሸጋሸግ ምን ያስጨንቀናል? ይህ ተቃውሞ «ቋት» ከሚለው ቃል የተወለደ ነው። ቋቱ ሞላ፣ ስለዚህ ለሁሉም ይደርሳል የሚል ነው። በ2011 ዓ.ም. የጐደለው ውኃ ነበረ፤ ማለትም ፍጆታን የሚሸፍን ክምችት ነው፤ ያን ጊዜ ማሸጋሸግ ጥቂት ብቻ ይረዳ ነበር፤ የሚያስፈልገው ቁጠባ ነበረ። የካራ መንደር ትራንስፎርመር በበዓል ዋዜማ ሲቃጠል ግን የጐደለው ውኃ አይደለም፤ በግድቡ ያለው ኃይል በዚያች ሽቦ በዚያች ሰዓት ማለፍ አልቻለም። ለመጀመሪያው ችግር ቁጠባ፣ ለሁለተኛው ማሸጋሸግ መድኃኒቱ ነው፤ የአንዱን ስም ለሌላው መስጠት መድኃኒቱን እንደ ማቀያየር ነው።

ገና ያልተቈረጠ ነገር ቢኖር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪን የሚመለከተው ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ መኪናውን በቤቱ የሚሞላ ሰው እየበዛ ሄዷል፤ ይህም እንደ ምጣዱ ትልቅ ጭነት፣ ከምጣዱም ይልቅ ተሸጋሻጊ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሊቆይ ይችላልና። ሕዝቡ «ቻርጅ ማድረግ» ይላል፤ በጽሑፍ «ኃይል መሙላት» ተጀምሯል። «መሙላት» ለካርድ ቆጣሪም ስለሚነገር («ካርድ ሞላሁ») ሁለቱ በአንድ ማስታወቂያ ላይ ሲገናኙ ይጋጫሉ፤ «ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ይሙሉ» የሚለውን ያነበበ ሰው ካርዱን ይሁን መኪናውን ሊለይ አይችልም። እስከዚያው ድረስ «መኪናዎን» የሚለውን ቃል አለመተው፣ «ባትሪ መሙላት» ማለትም ይበቃል።